«ከሁሉም ጠንካራው የጥርስ መሙያ የትኛው ነው?»፦ ለተሰበረ መንጋጋ ጥርስ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ወንጂ ነው፤ ጥርሴም ከልጅነቴ ጀምሮ ቡናማ ነጠብጣብ አለው። በቀኝ በኩል ያለው የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ከ14 ዓመት በፊት በጥቁር ሙሌት ተሞልቶ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። በግራ በኩል ያለውን ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት በነጭ አስሞላሁት፤ ሰፊ ሙሌት ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ ኋላ ተወኝ። ባለፈው ወር ቆሎ ስቆረጥም ቀጭ አለና በምላሴ በኩል ያለው የጥርሱ ጎን ተገንጥሎ ወጣ፤ ሙሌቱ ግን እንዳለ ነው። አንዱ ክሊኒክ እንደገና በነጭ እንሙላው አለኝ፤ ሌላው ከብረት የሚበልጥ ዚርኮኒያ እናልብሰው አለኝ፤ ሦስተኛው ደግሞ በቀኝ ያለው ጥቁርም ሜርኩሪ ስላለበት ይውጣ አለኝ። ከሁሉም ጠንካራው የትኛው ነው? እሱን ላሠራና ልገላገል።»

ምላሽ፦ በጻፉት ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ቃል «ሙሌቱ ግን እንዳለ ነው» የሚለው ነው። የተሰበረው መሙያው አይደለም፤ ጥርሱ ነው። ስለዚህ «ጠንካራው መሙያ የትኛው ነው» ብለን ከጀመርን ላልተሸነፈው ወገን ትጥቅ መጨመር ይሆንብናል። መጠየቅ ያለበት በሙሌቱ ዙሪያ የቀረው የጥርስ ግድግዳ የማኘክን ጫና እንዴት ይሸከማል፣ የሚመረጠው ቁስ ያንን ግድግዳ ያግዘዋል ወይስ ያደክመዋል የሚለው ነው።

በዕለት ንግግራችን «ጠንካራ» የምንለው በቁስ ሳይንስ አንድ ነገር አይደለም። ሲጨመቅ አለመድቀቅ አንድ ጠባይ ነው፤ ሲጎብጥ አለመሰበር ሌላ ነው፤ ጫና ሲያርፍበት ቅርጹን አለመለወጥ፣ ማለትም ግትርነት፣ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ በገጽታው ላይ አለመጫርና በመፋተግ አለማለቅ እንዲሁም የተጀመረ ስንጥቅ እንዳይሮጥ ማገድ ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ጠባዮች ናቸው። በአንዱ የሚበልጥ ቁስ በሌላው ሊያንስ ይችላል። ለምሳሌ በቀኝ ጥርስዎ ውስጥ ያለው ጥቁር ሙሌት፣ አማልጋም የምንለው፣ ሲጨመቅ ከ400 ሜጋፓስካል በላይ ይቋቋማል፤ ሲሳብ ግን በ50 አካባቢ ይበጠሳል። አንድ ሜጋፓስካል በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ የሚያርፍ 100 ግራም ገደማ ክብደት መሆኑን ካሰቡት የሁለቱ ልዩነት ይታይዎታል። ሐኪሞች አማልጋምን በስሱ የማይሞሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስስ ጠርዝ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ነገር አንዱ ፊቱ ይሳባል፤ የተሳበ አማልጋም ደግሞ ይቆረሳል።

ነጩ ሙሌት፣ ኮምፖዚት የምንለው፣ በሙጫ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ የመስታወት ዱቄት ነው። ለሚያኝክ ገጽ እንዲውል ሲጎብጥ ቢያንስ 80 ሜጋፓስካል መቋቋም እንዳለበት ዓለም አቀፉ መለኪያ አይሶ 4049 ይደነግጋል፤ ጥሩዎቹ ከ100 ያልፋሉ። ሊቲየም ዳይሲሊኬት የሚባለው የመስታወት ሴራሚክ 400 አካባቢ ሲደርስ፣ ሌላው የሴራሚክ ዓይነት፣ የተለመደው ዚርኮኒያ፣ ከ900 እስከ 1,200 ይደርሳል። ሁለተኛው ክሊኒክ «ከብረት የሚበልጥ» ያለዎት ይህን ቁጥር ይዞ ይመስለኛል። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች የተለኩት ተስተካክሎ በተቆረጠና በተወለወለ ትንሽ ዘንግ ላይ፣ በላብራቶሪ ውስጥ ነው። በአፍዎ ውስጥ ያለው ግን ዘንግ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ቁሶች፣ ማለትም ሙሌትና ጥርስ፣ በአንድ ላይ ተጣብቀው ምራቅ ውስጥ እየኖሩ በየቀኑ በሺህ ጊዜ የሚቆጠር ጫና የሚቀበሉበት መዋቅር ነው። መዋቅር ደግሞ የሚሰበረው በደካማው አንጓው ነው።

የእርስዎ ደካማ አንጓ የት እንደነበረ ላስረዳ፤ የጉዳዩ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ። ጥርስ ሲሞላ መሃሉ ይቦረቦራል፤ በዙሪያው ያሉት ጉብታዎች ደግሞ ከሥራቸው ተይዘው ብቻቸውን እንደቆሙ የአጥር ምሰሶዎች ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ምሰሶ ከጎን ሲገፋ የሚጎብጠው መጠን በቁመቱ ኩብ ልክ ይጨምራል፤ በውፍረቱ ኩብ ልክ ደግሞ ይቀንሳል። ይህም ማለት ግድግዳው ግማሽ ያህል ቢሳሳ በዚያው ጫና 8 እጥፍ ይጎብጣል፤ ጉድጓዱ በእጥፍ ቢጠልቅም እንዲሁ 8 እጥፍ ይጎብጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ አንድ የታወቀ የላብራቶሪ ጥናት ከፊትም ከኋላም ጎኑ የተከፈተ ሰፊ ጉድጓድ የጥርሱን ግትርነት 63 በመቶ እንደሚቀንሰው፣ ለነርቭ ሕክምና ከላይ የሚከፈተው ቀዳዳ ብቻውን ግን የሚቀንሰው 5 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ብዙ ሰው «ጥርሴን ያደከመው የነርቭ ሕክምናው ነው» ሲል ይሰማል፤ የሚያደክመው ግን በአብዛኛው የጎን ግድግዳዎች መጥፋት ነው።

ቆሎው ምን አደረገ? አንድ ሰው በመንጋጋው 200 ኒውተን፣ ማለትም 20 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ቢጫን ይህ ጫና በእንጀራ ወይም በዳቦ ላይ ሲሆን በ20 ካሬ ሚሊሜትር ላይ ይሰራጭና 10 ሜጋፓስካል ብቻ ይሆናል። ያው ጫና በአንዲት የቆሎ ፍሬ ጫፍ በኩል በግማሽ ካሬ ሚሊሜትር ላይ ሲያርፍ ግን 400 ሜጋፓስካል ይሆናል። በዚያ ላይ ፍሬዋ በጉብታዎቹ ተዳፋት መካከል ስትቀረቀር እንደ ሽብልቅ ሆና ግድግዳውን ወደ ውጭ ትገፋዋለች። በታችኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ በብዛት ተገንጥሎ የሚወጣው የምላስ በኩል ጉብታ ነው፤ የእርስዎም እሱ ነው። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ ለዚያች ቀን ቆሎ መስጠት ልክ አይሆንም። ጥርስ እንደ ሽቦ ነው፤ ሽቦን አንድ ጊዜ ብናጥፈው አይበጠስም፤ ስናመላልሰው ግን ይደክምና ይበጠሳል። ሦስት ዓመት ሙሉ በየምግቡ ትንሽ ትንሽ የጎበጠው ግድግዳ ከሥሩ ስንጥቅ ጀምሮ ቆይቶ ነው ቆሎው የጨረሰው።

ነጩ ሙሌት በዚህ ውስጥ ድርሻ ነበረው? አዎ፣ ሊኖረው ይችላል። ኮምፖዚት በብርሃን ሲደርቅ መጠኑ ከ1.5 እስከ 3.5 በመቶ ይቀንሳል፤ ይኮማተራል። ከግድግዳዎቹ ጋር ተጣብቆ እያለ ሲኮማተር ወይ ግድግዳዎቹን ወደ መሃል ይስባቸዋል፣ ወይም ከአንደኛው ይላቀቅና ክፍተት ይፈጥራል። የመጀመሪያዎቹን ወራት የተሰማዎት የቀዝቃዛ ውኃ ጥዝጣዜ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር የሚስማማ ምልክት ነው። ሐኪሙ ቁሱን ከ2 ሚሊሜትር በማይበልጥ ንብርብር እያስገባ እያንዳንዱን ለብቻው ካደረቀ መሳሳቡ ይቀንሳል፤ ጥልቀቱም በደንብ ይደርቃል። በአንድ ጊዜ ከተሞላ፣ ወይም የብርሃን መብራቱ ባትሪው ደክሞ ከሆነ፣ ላዩ ድንጋይ የመሰለ ሙሌት ሥሩ ለስላሳ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ታካሚው ይህን በዓይኑ አያይም፤ ሐኪሙም በመሣሪያ ነክቶ አያውቀውም። አራት ሚሊሜትር በአንድ ጊዜ እንዲሞሉ የተሠሩ ኮምፖዚቶች አሉ፤ ሐኪሙ የተጠቀመው የትኛውን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ይህን ስል የቀድሞውን ሐኪም መክሰሴ አይደለም፤ ሥራው እንከን የለሽ ቢሆንም ያን ያህል ሰፊ ጉድጓድ ጉብታዎቹ ሳይሸፈኑ መሞላቱ ራሱ አደጋ ነበረው። በጥቁር ሙሌትም ቢሆን ይኸው ነው፤ አማልጋም በራሱ ከጥርስ ጋር ስለማይጣበቅ ግድግዳዎቹን አንድ ላይ አይዝም፤ በሰፊ አማልጋም ዙሪያ የተሰነጠቁ ጥርሶችን በየጊዜው እናያለን።

ሙቀትም የራሱ ሥራ አለው። ኢናሜል፣ ማለትም የጥርስ ጠንካራ ውጫዊ ልባስ፣ እና ከሥሩ ያለው ዴንቲን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚለጠጡት ከአንድ ሚሊዮን 8 እስከ 11 ያህል ነው፤ አማልጋም 25 ገደማ፣ ኮምፖዚት እንደ ዓይነቱ ከዚያም በላይ ይለጠጣል። አምስት ሚሊሜትር ስፋት ያለውና ከአንድ ሚሊዮን 35 የሚለጠጥ ሙሌት የሙቀት ለውጡ 30 ዲግሪ ቢሆን 5 ማይክሮሜትር ያህል ይሰፋል፤ ያንኑ ስፋት ያለው ጥርስ ግን 1.5 ብቻ። የአንድ ባክቴሪያ ስፋት አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ትኩስ ቡና ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ የሚያስከትል ሰው የሙሌቱን ጠርዝ በዚህ ዓይነት ያመላልሰዋል። እርግጥ ቡናውም ውኃውም በአፍ ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ሙሉው ለውጥ ወደ ጥልቀት አይደርስም፤ ስለዚህ ቡናዎን እንዲተዉ አልመክርም፤ ወሳኙ ግድግዳው ነው።

ወንጂ ማደግዎን በመጥቀስዎ ጥሩ አድርገዋል፤ ብዙ ታካሚ ይህን አያነሳም። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በእጥፍ ድርብ ይበልጣል፤ ወንጂ ደግሞ በዚህ ረገድ ከታወቁት ቦታዎች አንዷ ናት። ቡናማው ነጠብጣብ የጽዳት ጉድለት አይደለም፤ ጥርሱ በድድ ውስጥ ሲሠራ የገባ የፍሎራይድ ጉዳት ነው። ይህ ለሙሌት ምን አገባው ቢሉ፣ ነጭ ሙሌትና የሚጣበቅ ሴራሚክ ጥርስን የሚይዙት ኢናሜሉ በአሲድ ከተሸረሸረ በኋላ በሚፈጠሩት ደቃቅ ቀዳዳዎች ውስጥ ሙጫው ገብቶ ሲደርቅ ነው፤ ዘዴው በጥርስ ሐኪሙ በማይክል ቡኖኮሬ እ.ኤ.አ. በ1955 ከታወጀ ጀምሮ መሠረቱ አልተለወጠም። ፍሎራይድ የበዛበት ኢናሜል ላዩ አሲድን አብዝቶ ይቋቋማል፤ ከሥሩ ደግሞ ማዕድኑ የጎደለና ቀዳዳማ ይሆናል። ስለዚህ የሚያክምዎት ሐኪም ላዩን ንብርብር በጥቂቱ ፍቆ ወይም የአሲዱን ጊዜ አራዝሞ ማጣበቅ ሊኖርበት ይችላል። ይህን ሳይነግሩት አያስጀምሩት።

ወደ ሦስቱ ምክሮች ልምጣ። «እንደገና በነጭ እንሙላው» የሚለው፣ እንደ በፊቱ ጉድጓዱን ብቻ መሙላት ማለት ከሆነ፣ አይቀበሉት። አንድ ግድግዳ ሄዷል፤ የቀረው በጉንጭ በኩል ያለው ደግሞ አሁን ብቻውን ነው።

«ዚርኮኒያ ከብረት ይበልጣል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ዚርኮኒያ በእርግጥ እምብዛም አይሰበርም። ሆኖም ሁሉም ዚርኮኒያ አንድ አይደለም፤ ከፊት ጥርስ ጋር እንዲመሳሰል ብርሃን እንዲያሳልፍ ተደርጎ የሚሠራው ዓይነት ጥንካሬው ከተለመደው በግማሽ ገደማ ያነሰ ነው፤ ለመንጋጋ ጥርስዎ የሚያሠሩ ከሆነ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። «የተቃራኒውን ጥርስ ይፈጨዋል» የሚለው ስጋት ደግሞ የሚያገለግለው ሻካራ ሆኖ ለቀረ ዚርኮኒያ ነው፤ በደንብ የተወለወለው ኢናሜልን ብዙም አይጎዳም። ሐኪሙ ንክሻዎን ለማስተካከል ከላይ ከፋቀው በኋላ መልሶ መወልወል ግዴታው ነው። ትልቁ ዋጋ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ለሙሉ ሽፋን ጥርሱ ዙሪያውን ሲቆረጥ ከድድ በላይ ካለው አካሉ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሊሄድ ይችላል። አጥንታችን ሲሰበር ራሱን ይጠግናል፤ የተቆረጠ ኢናሜል ግን አይመለስም።

በቀኝ ያለው ጥቁር ሙሌት ይውጣ የሚለውን አልደግፍም። ከአማልጋም ክብደት ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ መሆኑ እውነት ነው፤ ከሌሎቹ ብረቶች ጋር ተዋሕዶ የተቀመጠ ነው። ከእሱ የሚወጣው ተን በጣም ጥቂት ሲሆን በብዛት የሚወጣው ሙሌቱ በመሰርሰሪያ ሲፈጭ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አማልጋም መሙላትን ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በቀር ከልክሏል፤ ሜርኩሪን ለመቆጣጠር የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮችም በ2022 ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይሞላ ወስነዋል። እነዚህ ውሳኔዎች ሜርኩሪ ወደ ውኃና ወደ አፈር እንዳይገባ ከመጠበቅ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ «በአፍ ያለውን ደህና ሙሌት አስወጡ» የሚል ትእዛዝ የለባቸውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2020 ደህና ሙሌት ያለ ሕክምና ምክንያት እንዳይወጣ መክሯል። 14 ዓመት ያለ ችግር የቆየን ሙሌት ማውጣት ከደህና ጥርስ ላይ ተጨማሪ ግድግዳ መፋቅ ነው። በዙሪያው ስንጥቅ መኖሩን ግን ያስመርምሩ።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ለግራ ጥርስዎ ጉብታዎቹን ከላይ የሚሸፍን ከፊል ሽፋን፣ በሙያው ኦንሌይ የሚባለውን፣ በሊቲየም ዳይሲሊኬት ያሠሩ። ጉብታዎቹ በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ሚሊሜትር ዝቅ ብለው በአንድ ቁራጭ ሲሸፈኑ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋ የነበረው ጫና ወደ ታች፣ ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ ምሰሶው ጣሪያ ያገኛል። የዚህ ሴራሚክ ግትርነት 95 ጊጋፓስካል (አንዱ 1,000 ሜጋፓስካል ነው) ገደማ ሲሆን የኢናሜል 80 አካባቢ ስለሆነ የጠፋውን ኢናሜል በተቀራራቢ ጠባይ ይተካል፤ የዚርኮኒያ ከ200 ያልፋል፣ የኮምፖዚት ደግሞ 10 አካባቢ ነው። ይህ ምርጫ የሚሠራው ስብራቱ ከድድ በላይ ከሆነና ዙሪያውን ለመጣበቂያ የሚበቃ ኢናሜል ከቀረ ነው። ስብራቱ ከድድ በታች ከወረደና ቦታውን ማድረቅ ካልተቻለ ማጣበቅ አይታመንም፤ ያን ጊዜ የተለመደው ዓይነት ዚርኮኒያ ወይም የብረት ሙሉ ሽፋን ይሻላል። መልኩ ካላሳሰበዎት የብረት ሽፋን ጥርስን በጥቂቱ ብቻ አስቆርጦ ለብዙ ዓመት የሚቆይ መሆኑን በድፍረት እናገራለሁ፤ ነጭነት ባመጣው ፉክክር ተረስቷል።

ገንዘቡ አሁን ካልደረሰ ኮምፖዚትም ይቻላል፤ ቅድመ ሁኔታው የቀሩት ጉብታዎች እስከ 2 ሚሊሜትር ድረስ ዝቅ ተደርገው ከላይ በኮምፖዚቱ መሸፈናቸው፣ ሥራውም ምራቅ በሚከለክል የጎማ መሸፈኛ ውስጥ በንብርብር መሠራቱ ነው። በመፋተግ ከሴራሚኩ ቀድሞ ያልቃል፤ ጥርሱን ግን ያቆየዋል። ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ ቦታውን ግላስ አዮኖመር በሚባለው የጥርስ መሙያ ማስዘጋት ጥሩ ነው፤ ከጥርስ ጋር በኬሚካል ይያያዛል፤ በሙቀት የሚለጠጠውም እንደ ጥርስ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቶታል። ሲጎብጥ ግን ከኮምፖዚት እጅግ ቀድሞ ስለሚሰበር በቋሚነት አይመኩበት። ጊዜያዊ ሙሌቱ የቅርንፉድ ሽታ ያለው ከሆነ በውስጡ ያለው ዩጂኖል የሙጫውን መድረቅ ስለሚያሰናክል ለሚቀጥለው ሐኪም ይንገሩት።

በጽሑፍ ብቻ የማልወስናቸው ነገሮች አሉ። ስንጥቁ ወደ ጥርሱ ወለል ወርዶ እንደሆነ፣ ነርቩ ደህና መሆኑን፣ ሌሊት ጥርስ የሚያፋጩ መሆንዎን ሐኪም በራጅና በንክሻ ፍተሻ ማየት አለበት። የሚያፋጩ ከሆነ የትኛውም ሽፋን ሌሊት በጥርስ ላይ ከሚደረግ መከላከያ ጋር ነው መሠራት ያለበት። እስከዚያው በግራ በኩል ቆሎም ሆነ አጥንት አያኝኩ። ነክሰው ሲለቁ ብልጭ የሚል ሕመም ከተሰማዎት፣ ወይም የቀዝቃዛ ውኃ ጥዝጣዜ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ጥርሱ ሌሊት በራሱ መቁሰል ከጀመረ የሽፋኑን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሳምንት ይታዩ፤ ያን ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለነርቩ ነው።